የእህቴን ልጅ ሳሳድግ የሚገባውን ድጋፍ ያገኘሁበት መንገድ

አሜሪካ ውስጥ የእህታቸውን ወይም የወንድማቸውን ልጅ የሚያሳድጉ ወገኖቻችን «ደመወዝ ስላለኝ አይሰጡኝም» ብለው ሳያመለክቱ ሲቀሩ ማየት ያንገበግበኛል። አክስት ለራሷ ሳትጠይቅ ለልጁ ብቻ ስታመለክት፣ ታንፍ በሚባለው የጥሬ ገንዘብ እርዳታ በአብዛኛው የሚታየው የልጁ ገቢ እንጂ የእርሷ ደመወዝ አይደለም። እህቴ ካረፈች በኋላ ይህን የነገረኝ አንድም ሰው አልነበረም።

አስቀድሜ የጠየቅሁት የመንግሥቱን የጡረታ መሥሪያ ቤት፣ ሶሻል ሴኩሪቲን ነው፤ ወላጁ በቂ ጊዜ ሠርቶ ከሞተ ልጁ ለወላጁ ከሚታሰበው ጡረታ እስከ 75 በመቶ ሊያገኝ ይችላል። እህቴ ግን ከመጣች ብዙ ስላልቆየች የሥራ ዘመኗ አልሞላም። ለታንፍ ቅጹን መሙላት፣ የትምህርት ቤት ደብዳቤና የቤት ኪራይ ውል ማቅረብም አላስቸገረኝም።

ፈተናው ዝምድናችንን ማስረዳት ነበር። ልጁ የተወለደው እዚሁ ስለሆነ በልደት ወረቀቱ ላይ የእናቱ ስም አለ፤ የቀረው እኔና እናቱ እህትማማቾች መሆናችንን ማሳየት ብቻ ነበር። ጉዳዩን የያዘችው ሠራተኛ ግን የእኔና የልጁ የመጨረሻ ስም እንደማይመሳሰል አይታ ማመልከቻውን ለመቀበል አቅማማች። በእኛ ዘንድ ልጅ በአባቱና በአያቱ ስም እንደሚጠራ፣ ስለዚህም ከእናቱ እህት ጋር የሚጋራው ስም እንደማይኖር ደጋግሜ አስረዳኋት። ለቪዛ ያወጣናቸውን የሁለታችንን የልደት ወረቀቶች ሳመጣ ደግሞ የአባታችን ስም በአንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ይለያያል ተባልሁ። በኢትዮጵያ ዘመናዊው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በመሆኑ፣ የእኛ ዕድሜ እኩዮች ወረቀት አብዛኛው ለጉዞ ሲባል ዘግይቶ የወጣ ነው፤ ስሙንም እያንዳንዱ ጸሐፊ በመሰለው ፊደል ጽፎታል። ሠራተኛዋ ይህን ሁሉ ከሰማች በኋላ «መጀመሪያ ፍርድ ቤት ሄደሽ የሞግዚትነት ውሳኔ አምጪ» አለችኝ። ይህ ስሕተት ነበር፤ በምኖርበት ግዛት ለዚህ እርዳታ የሚያስፈልገው ዝምድናና አብሮ መኖር እንጂ የፍርድ ቤት ውሳኔ አይደለም። ሐዘኑ ያልወጣለትን ሰው የራሳቸውን መመሪያ ሳያነብቡ ማመላለሳቸው ዛሬም ያናድደኛል።

መላ ያገኘሁት እምቢታውን በጽሑፍ እንዲሰጡኝ ስጠይቅ ነው፤ የጽሑፍ ውሳኔ የይግባኝ መብት ስለሚያስከትል ጉዳዩ ወዲያው ወደ ኃላፊዋ አለፈ። ወላጆቻችንን የሚያውቁ ሁለት አረጋውያን ፊርማ በሚያረጋግጥ ሕጋዊ ባለሥልጣን (ኖተሪ) ፊት የሰጡትን ቃልና የክርስትና ምስክር ወረቀቶቻችንን ከነትርጉማቸው አያይዤ አቀረብሁ፤ ኃላፊዋም ተቀበለችው።

ስለዚህ ወረቀት እስኪሟላ ድረስ አትጠብቁ፤ ማመልከቻውን አስገብታችሁ ቀኑ ያለበት ማኅተም አስመቱበት። ቅጽ ለሚሞላ ደላላ ገንዘብ ከመክፈል ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ጠበቆችን ፈልጉ። ልጁ የመጣላችሁ በሕፃናት ጥበቃ ቢሮ በኩል ከሆነ ደግሞ «ለጊዜው ውሰዱት» የሚለውን ወረቀት ከመፈረማችሁ በፊት፣ እንደ ዘመድ አሳዳጊ ፈቃድ የሚሰጣችሁ መሆኑን ጠይቁ፤ በዚያ መንገድ የሚከፈለው ከታንፍ ብዙ ጊዜ ይበልጣል፣ ከፈረሙ በኋላ መጠየቅ ግን እጅግ ይከብዳል።