ስድስት ኩሽኔታ ሲጎድልብኝ

ሰኔ 30 የዓመቱ ቆጠራ ሲደረግ የዕቃ መመዝገቢያ ካርዱ 9 ይላል፤ መደርደሪያው ላይ ያለው 3 ነው። 22210 ቁጥር ኩሽኔታ፣ የማሽን አክሲል የሚሽከረከርበት ቀለበት። ኮሚቴው ሁለቴ ቆጠረ፣ እኔ ሦስተኛ ቆጠርኩ፣ በስልክ ባትሪ ከመደርደሪያው ኋላ ሳይቀር ፈለግኩ። ያው 3 ነው።

ኮምቦልቻ ውስጥ ባለ አንድ ፋብሪካ የመለዋወጫ ስቶር ኪፐር ነኝ። አልሰረቅኩም። ግን ዕቃው በየት በኩል እንደወጣ እዚያው ቆሜ ገብቶኝ ነበር፤ ላቤ የመጣውም ለዚያ ነው። ማታ ቆልፌ ደሴ እገባለሁ። ሌሊት ማሽን ሲቆም የጥገና ልጆች ይደውላሉ፤ «ወንድሜ፣ አንዲት ኩሽኔታ ብቻ፣ ወረቀቱን ጠዋት እናመጣልሃለን»። እኔም ከብርድ ልብሱ ሳልወጣ «ትርፍ ቁልፉ ጥበቃ ጋ አለ» እላለሁ። የደሴን ሌሊት የሚያውቅ ይፈርድልኛል። ወረቀቱ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ይቀራል። ከልጆቹ ጋር ምሳ አብረን ነው የምንበላው፤ ይሉኝታ ይይዘኝና ደግሜ አልጠይቅም።

በሳምንቱ «በ3 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ ስጥ» የሚል ደብዳቤ መጣ። «ሌባ ብላችሁኝ ነው የምፈርመው?» ብዬ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጥዬ ወጣሁ። ትልቁ ስሕተቴ ይህ ነበር። ሁለት ሰዎች ምስክር ሆነው «ለመቀበል ፈቃደኛ አልሆነም» ብለው ፈረሙና ደብዳቤው ማህደሬ ውስጥ ገባ። አሁን ዕቃ ያጎደለ ብቻ ሳልሆን ትዕዛዝ የማይቀበልም ሆንኩ።

ከሰዓት በኋላ የአስተዳደር ኃላፊው ጠርቶ በለሰለሰ አንደበት መከረኝ። «መልቀቂያ ብትጽፍ ይሻልሃል። ስምህ ሳይነሳ፣ የሥራ ልምድህን አሳምረን እንሰጥሃለን»። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ባዶ ወረቀት ይዤ በር ላይ ስደርስ የጥበቃው ሽማግሌ ፊቴን አይተው አስቆሙኝ። ነገርኳቸው። «አንቱ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ?» አልኳቸው። «አብሽር» አሉኝ፤ «በንዴት ቀን የተጻፈ መልቀቂያ ግን አይቼ አላውቅም መልካም ሲሆን። መጀመሪያ የማኅበሯን ሴትዮ አግኛት»።

የሠራተኛ ማኅበራችን ሊቀመንበር ማሸጊያ ክፍል ነው የምትሠራው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን፣ ቁጥር 1156/2011ን፣ ዳር ዳሩ እስኪሸረፍ አንብባዋለች። «መፈረም ማመን አይደለም» አለችኝ። «የምትፈርመው ደብዳቤው እጅህ መግባቱን ነው። ‹ደርሶኛል› ትላለህ፣ ቀን ትጽፋለህ፣ ቅጂህን ትወስዳለህ። በገዛ እጅህ ከለቀቅክ በኋላ ‹አላግባብ ተባረርኩ› ብለህ ወዴት ትሄዳለህ?» ከዚያ ካላንደር አውጥታ ቀን መቁጠር ጀመረች። አሠሪ ሠራተኛን ያለማስጠንቀቂያ ለማሰናበት፣ ጥፋቱን ካወቀበት ቀን አንስቶ ያለው 30 የሥራ ቀን ነው፤ ካለፈ መብቱ ይቀራል። ስለዚህ አስተዳደሩም የቸኮለበት ምክንያት ነበረው።

በነጋታው ደብዳቤውን ጠይቄ ፈርሜ ወሰድኩ። ከዚያ የጥገና ክፍሉን የሌሊት መዝገብ ለመንኩ። ግራሶ የጠጣ፣ ገጹ የተጣበቀ ደብተር ነው። ሁለት ምሽት አገላብጬ 22210 የሚል ቁጥር አንድም ቦታ አጣሁ። ልተወው ስል አንድ መስመር ላይ ዓይኔ ቆመ፤ «የ2ኛው መስመር፣ ባለ 50 ኩሽኔታ ሁለት ተቀየረ»።

ባለ 50! የኩሽኔታ ቁጥር የመጨረሻ ሁለት አሃዞች በ5 ሲባዙ አብዛኛውን ጊዜ የቀዳዳውን ስፋት በሚሊ ሜትር ይሰጣሉ። 10 በ5፣ 50። እኔ በካርድ ቁጥር እጠራዋለሁ፣ መካኒኮቹ በአክሲሉ ውፍረት ይጠሩታል። አንድ ዕቃ፣ ሁለት ስም። በእርግጥ 6210 የሚባለው ሌላ ኩሽኔታም ቀዳዳው 50 ነው፤ የእሱን ካርድ ሳይ ግን ቆጠራው ልክ ነው፣ አንድም አልተነቃነቀም። በሦስት ሌሊት የተቀየሩ 4 ኩሽኔታዎች አገኘሁ፤ ከነ ቀኑ፣ ከነ ፈራሚው። ሁለቱ ግን የሉም። እስከ ዛሬም የሉም።

መልሱን ስጽፍ መጀመሪያ ሦስት ገጽ ሞላሁ። ስንት ዓመት እንዳገለገልኩ፣ ማን እንደሚጠላኝ፣ ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ ስቶሩን ከዜሮ እንዴት እንዳደራጀሁት። ሊቀመንበሯ አንብባ «ይኼ ለቅሶ ነው» ብላ መለሰችልኝ። ሁለተኛው ግማሽ ገጽ ሆነ፤ ቀን፣ ማሽን፣ ብዛት፣ የመዝገቡ ገጽ። መጨረሻ ላይ «ያለ ወጪ ማዘዣ ቁልፍ እንዲሰጥ መፍቀዴ ጥፋቴ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ፤ ወጪ ማዘዣ ማለት ያ ጠዋት ይመጣል የሚባለው፣ ዕቃ ከስቶር የሚወጣበት ወረቀት ነው። እሷ «አውጣው፣ ማስረጃ ትሰጣቸዋለህ» አለች። አላወጣሁትም። እኔን ያተረፈኝ እሱ ይመስለኛል፤ እሷ እስከ ዛሬ አትስማማም። መልሱን መዝገብ ቤት አስገብቼ ቅጂዬ ላይ ቁጥርና ማህተም አስመታሁ።

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ የሁለቱን ዋጋ እንድከፍልም ተወሰነ። ተስማምቼ ፈረምኩ። ፋይናንስ ባንዴ ሊቆርጠው ሲል አዋጁን አሳየሁ፤ በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዝ ከሲሶው በላይ አይቆረጥም። በሦስት ወር ከፈልኩ። ያመኛል፣ ግን ቁልፉን የሰጠሁት እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ልርሳ ነበር። በዚያው ሰሞን አለቃዬ የምዘገይባቸውን ቀናት መቁጠር ጀምሮ ነበር። ሐምሌ ላይ የሐረጎ ዳገት ጉም ሲለብስ የጭነት መኪናው ተሰልፎ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነችው መንገድ ስንት እንደምትፈጅ ደሴ ያደረ ያውቀዋል። በጽሑፍ እየተነገረው በስድስት ወር ስምንት ጊዜ ያረፈደ ሰው ሊሰናበት ይችላል፤ እኔ አምስት ላይ ነበርኩ። ክረምቱን ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ኮምቦልቻ ክፍል ተጋርቼ አሳለፍኩት። ክፍሉ ያፍናል፣ ትንኙም አያስተኛም፣ ግን ስድስተኛው አልመጣም።

ትርፍ ቁልፉ አሁን በታሸገ ፖስታ ነው ጥበቃ ጋ የሚቀመጠው። ፖስታው የሚከፈተው የሌሊት ፈረቃ ኃላፊው የወጪ ማዘዣ ጥራዙ ላይ ከፈረመ ብቻ ነው፤ የኩሽኔታው ቁጥርም፣ «ባለ ስንት» የሚለውም ይጻፋል። ልጆቹ መጀመሪያ አኮረፉኝ፤ ሁለት ሳምንት ምሳ ብቻዬን በላሁ። ከዚያ አንዱ ሌሊት ደውሎ «እስክሪብቶው የለም» አለኝ። በነጋታው በሲባጎ ከጥበቃው መስኮት ጋር አሰርኩት። ሲባጎው ሁለቴ ተቆርጧል፤ አሁን በሽቦ ነው ያሰርኩት።