641 የበተነው ቁጥር

ትናንት ማታ መብራት ሲጠፋ ሻማ ለኩሼ፣ ባለካሬ ደብተሬን አውጥቼ 4,294,967,297ን በእጄ ለ641 አካፈልኩት። ቀሪ የለውም! ድርሻው 6,700,417 ነው። መልሼ አባዛሁት፤ ልክ መጣ።

32 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲጨመር ይህ ቁጥር ይገኛል። የሒሳብ ሊቁ ፌርማ፣ ሁለቶቹ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16 ሲሆኑ በዚሁ መንገድ የሚገኙት 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ብቸኛ ቁጥሮች (ከ1 እና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸው) ስለሆኑ ይሄም እንደዚያው ነው ብሎ ያምን ነበር። በፈረንጆቹ 1732 ሌላው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር 641ን አካፋይ አድርጎ አመጣና እምነቱ ፈረሰ።

እኔን የሚያስደንቀኝ መንገዱ ማጠሩ ነው። የዚህ ቁጥር አካፋይ ሁሉ ለ64 ሲካፈል 1 ይተርፈዋል። ስለዚህ ከ641 በፊት የሚሞከሩት ብቸኛ ቁጥሮች 193፣ 257፣ 449 እና 577 ብቻ ናቸው። 577ን ሞከርኩት፤ 288 ተረፈኝ። ሦስቱን ዛሬ ማታ እጨርሳቸዋለሁ።