አንድ ጀልባ፣ ሦስት ቦታ

ባሕር ዳር ያለው አጎቴ ጣና ላይ አንዲት ጀልባ አለችው። ወደ ዘጌ ገዳማት ሰው ያመላልስባታል። ድረ ገጹን የሠራሁለት እኔ ነኝ፤ ሙያውን ገና እየተማርኩ ስለሆነ መለማመጃዬም እሱ ነው። ዛሬ የማወራችሁ ሰሞኑን ስላንከራተተኝ ነገር ነው።

አንድ ቀን አጎቴ ስልኩን ዘረጋልኝ። «አንተ ልጅ፣ እኔ ያለችኝ አንድ ጀልባ። ጉግል ላይ ሦስት ቦታ የምታየኝ ለምንድነው? አንዱ ደግሞ የድሮውን ዋጋ ይላል!»

አየሁት፤ እውነቱን ነው። አንደኛው ዋናው የዋጋ ገጽ ነው። ሁለተኛው ለማተሚያ ብዬ ለብቻ የሠራሁትና ዋጋ ሲቀየር የረሳሁት። ሦስተኛው ያሳፍረኛል። ሰው «ጣና ሐይቅ» ብሎም «ጣና ሀይቅ» ብሎም ይፈልጋል ብዬ፣ ያንኑ ጽሑፍ በሌላኛው ሀ ገልብጬ ሁለተኛ ገጽ ከፍቼ ነበር። በዚያ ሒሳብ «ኃይቅ» ብሎ ለሚጽፈውም ሌላ ልከፍት ነበር እኮ!

የማተሚያውን ገጽ ላስወጣ ብዬ ሁለት ነገር አንድ ላይ አደረግኩ። ገጹ ውስጥ «ኖኢንዴክስ» የሚለውን፣ ጉግል ገጹን እንዳይመዘግበው የሚነግረውን ምልክት ጻፍኩ። ይበልጥ እንዲጠነክር ብዬ ደግሞ በሮቦትስ ፋይሉ፣ ማለትም ጉግል የት ገብቶ ማንበብ እንደሌለበት በሚነግረው ፋይል፣ ወደዚያ እንዳይገባ ከለከልኩት። ጠበቅኩ። ገጹ አልወጣም። እንዲያውም «መግለጫ የለውም» የሚል ተለጥፎበት ቁጭ አለ።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሮቦትስ ፋይል የሚከለክለው መግባትን እንጂ መዝገብ ላይ መቀመጥን አይደለም። ጉግል አድራሻውን ከሌላ ሊንክ ካገኘው፣ ሳያነበው ሊመዘግበው ይችላል። እኔ ደግሞ በሩን ቆልፌ ውስጥ የለጠፍኩትን ማስታወቂያ አንብብ እያልኩት ነበር። ክልከላውን አነሳሁ፤ ተመልሶ ሲመጣ ምልክቱን አነበበና ገጹ ወጣ። በነገራችን ላይ፣ ኖኢንዴክስን ሮቦትስ ፋይል ውስጥ ጻፉ የሚሉ አሮጌ ምክሮች አሁንም ይዞራሉ። ጉግል ያንን መቀበል ያቆመው እ.ኤ.አ. መስከረም 1 ቀን 2019 ነው።

የ«ሀይቅ»ን ገጽ በ301 (ገጹ ለዘለቄታው ወደ ሌላ አድራሻ ተዛውሯል በሚለው መልእክት) ወደ ዋናው አዞርኩት። ሁለቱን አጻጻፍ እዚያው አንዱ ጽሑፍ ውስጥ አስገባሁ።

ስፈትሽ ሌላም ጉድ ወጣ። ድረ ገጹ አድራሻው በኤችቲቲፒም በኤችቲቲፒኤስም ቢጀምር፣ ሦስቱ ደብሊው ኖረም አልኖረም ይከፈታል። ለእኛ አንድ ገጽ ነው፤ ለጉግል ግን አራት አድራሻ። ይህ ቅጣት አያመጣም፤ ብዙውን ጊዜ ራሱ አንዱን ይመርጣል። ችግሩ የሚመርጠው እኔ የምፈልገውን ላይሆን መቻሉ ነው። ሦስቱንም በ301 ወደ አንዱ ላክኋቸው። የራሴ ሜኑ ወደ ድሮው አድራሻ ይጠቁም ስለነበር እሱንም አረምኩ።

አጎቴ ፌስቡክ ላይ ሊንኩን ሲለጥፍ መጨረሻው ላይ የምትቀጠለዋ ረጅም የፊደልና የቁጥር ጅራትስ? እሷም ለጉግል ሌላ አድራሻ ትፈጥራለች። ለእሷ የሚሆነው ካኖኒካል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ጉግል፣ ያሁና ማይክሮሶፍት በጋራ ያመጡት ምልክት። ገጹ «ዋናው አድራሻዬ ይህ ነው» ይላል። ትእዛዝ ግን አይደለም፤ ጥቆማ ነው። ጉግልን ካላሳመነው ሌላ ሊመርጥ ይችላል። የእንግሊዝኛውን ገጽ አልነካሁትም፤ ትርጉም እንደ ድግግሞሽ አይቆጠርም።

አጎቴ ትናንት ሲፈልግ አንዱን ብቻ አገኘ፤ በአዲሱ ዋጋ። ባለ ጅራቷ አድራሻ ግን ሰርች ኮንሶል ውስጥ (ጉግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች ባዘጋጀው መከታተያ) «ትክክለኛ ካኖኒካል ያለው አማራጭ ገጽ» ከሚለው ሥር አሁንም ተዘርዝራለች። መጀመሪያ ስሕተት መስሎኝ ደንግጬ ነበር። አይደለም። ጉግል አይቷታል፣ አልመዘገባትም፤ እኔም የፈለግኩት ይህንኑ ነው።