ግቢና ጊቤ

ፎቶ ኮፒ ቤቴ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ በር ብዙም አይርቅም። ሁለት ኮፒ ማሽን፣ ሦስት ኮምፒውተር፣ አንድ መጠረዣ አለኝ። ከሌላ አገር የመጡት ተማሪዎች «ማዘር» ይሉኛል። ጅማ የተወለዱት «አዴ» ነው የሚሉኝ። ግድግዳ የምትጋራኝ ደግሞ ሻይ ቤት ያላት ጎረቤቴ ናት። በሁሉም ነገር እንከራከራለን፤ የአዲስ አበባ ጅማ መንገድ ይስፋ አይስፋ በሚለውም።

አዲስ ተማሪ በሚገባበት ሰሞን የማልሰለቻት ነገር አለች። እናት ትደውላለች። «ግቢ ገባሽ ወይ?» ልጅቷ ትመልሳለች፣ «ኧረ ገና ጊቤ ነን!» መስመሩ ይቆራረጣል፣ እናት ግቢ ገባች ብላ እልል ትላለች። ልጅቷ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ናት።

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰበታ፣ ቱሉ ቦሎ፣ ወሊሶ፣ ወልቂጤ ድረስ ደህና ነው፤ ትበላለህ፣ ትተኛለህ። ከወልቂጤ በኋላ መንገዱ ወደ ጊቤ በረሃ ይወርዳል። ድልድዩን ትሻገርና ያንኑ ያህል እንደገና ትወጣለህ። መንገዱ ለሂያጅ አንድ፣ ለመጪ አንድ ነው። የጫነ ተሳቢ ዳገቱን በሰው እርምጃ ሲወጣ ከኋላው አሥር መኪና ይሰለፋል። አንዱ ትዕግሥቱ ያልቅና መታጠፊያ ላይ ደርቦ ይቀድማል። ያኔ አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሁሉ በየሃይማኖቱ ይጸልያል።

መኪና ከተሰበረ ደግሞ ዳር የሚይዝበት ቦታ የለም፣ እዚያው ይቆማል። ረዳቱ ቅጠል ቆርጦ ያነጥፋል፣ ድንጋይ ይደረድራል። መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ቅጠሉም ድንጋዩም እዚያው ይቀራሉ። ማታ የሚመጣው ሰው ዕድሉ ነው።

መንገዱ ይስፋ የምለው ሱፍ ለተዋሰ አንድ ልጅ ብዬ ነው። ላስረዳ።

ባለፈው ሰኔ አንድ የማስተርስ ተማሪ ተሲሱን፣ የመመረቂያ ጽሑፉን፣ እኔ ጋ አሳተመ። ስለ ቡና ማድረቂያ አልጋ የሠራው ጥናት ነው። ጥናቱን ፈታኞች ፊት የሚያቀርብበት ዲፌንስ ለ8 ሰዓት ተቀጥሯል። ሱፉን ከዶርም ጓደኛው ተውሶ ለብሷል፤ እጅጌው ትንሽ ያጥረዋል። ኤክስተርናሉ፣ ከውጭ የተጠሩት ፈታኝ፣ ከአዲስ አበባ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ነው የተነሱት። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ቢሆንም ትኬት አልተቆረጠላቸውም፣ ምክንያቱን አልጠየቅኩም። 6 ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለ። ጊቤ ዳገት ላይ ተሳቢ ተሰብሮ መንገዱ ተዘግቷል። ሰውዬው ከ4 ሰዓት ጀምሮ እዚያው ቆመዋል።

ልጁ ሱቄ ውስጥ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ኮቱን አውልቆ፣ አጥፎ፣ የወረቀት ካርቶን ላይ አስቀመጠው። ስላይዱን ለእኔ አቀረበ። ለጎረቤቴም አቀረበ። ቡና አልጋ ላይ እንዴት እንደሚደርቅ አሁን ከአማካሪው እኩል እናውቃለን። 10 ሰዓት ሆነ፣ 12 ሰዓት ሆነ። ኤክስተርናሉ ጅማ የገቡት ማታ 1 ሰዓት ላይ፣ አቧራ ለብሰው ነው። ዲፌንሱ ለነገ ጠዋት ተዛወረ።

ሱፉ ግን ነገ ጠዋት የራሱ ቀጠሮ ነበረበት። ባለቤቱም ዲፌንስ አለው። ልጁ በሹራብ ቀረበ። አለፈ፣ ጥሩ ውጤትም አመጣ። ዘመዶቹ ያዩት ፎቶ ግን የሹራቡ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ «መንገድ ሲሰፋ ፍጥነት ይጨምራል» የሚለው ወሬ ብዙ አይስበኝም። የሚስበኝ ቀጠሮ ነው። የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ ሲከፈት እህቴ ጋ ለመሄድ ወጥቼበታለሁ። ልቤ ያረፈው መኪናው ስለሮጠ አይደለም። ከፊት ለፊት የሚመጣብኝ ሰው ስላልነበረ ነው። እህቴንም «በዚህ ሰዓት እደርሳለሁ» ብዬ በዚያው ሰዓት ደረስኩ። ለእኛ ያን ያህል ሰፊ መንገድ ይሠራ አልልም። ዳገቱ ላይ ለከባድ መኪና ሦስተኛ መስመር ይጨመር፤ የተሰበረው የሚቆምበት ዳር ይኑር። ለጅማ ይህ ብቻ ትልቅ ነገር ነው።

ዩኒቨርሲቲ ሲባል ብዙ ሰው ክፍልና ሰሌዳ ነው የሚታየው። የእኛው በ1992 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሲሆን እርሻ ኮሌጁንና ጤና ሳይንሱን አንድ አድርጎ ነው የተነሳው። ትምህርቱም ወደ ማኅበረሰቡ መውጣት አለበት። የጤና ተማሪዎች በቡድን ሆነው ቲቲፒ ለሚባለው የመስክ ሥልጠና ወደየወረዳው ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ፣ አጋሮ፣ አሰንዳቦ፣ ሰርቦ። መጠይቃቸውን የማተምላቸው እኔ ነኝ። ሰርቦም አሰንዳቦም ያሉት እዚሁ የአዲስ አበባ መንገድ ላይ ነው። በገበያ ቀን ዋናው መንገድ የአህያው፣ የባጃጁ፣ የሸቀጡ ነው። የተማሪ መኪናም፣ ነፍሰ ጡር የጫነ አምቡላንስም ያንኑ አስፋልት ነው የሚጋፉት።

የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ደግሞ የጅማ ብቻ አይደለም። ሕመምተኛ ከቦንጋ፣ ከሚዛን፣ ከበደሌ፣ ከጋምቤላ ይላካል። ቦንጋ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ሚዛን ከ200 በላይ። የሪፈር ወረቀት ኮፒ ለማስደረግ እኔ ጋ የሚመጣ አስታማሚ ፊቱን ብቻ አይቼ ከየትኛው መንገድ እንደመጣ እገምታለሁ። ስለዚህ ይስፋ ስል የአዲስ አበባውን ብቻ ማለቴ አይደለም። በቦንጋና በአጋሮ በኩል ያለውም ይታሰብበት። ስለ መንገድ ሲወራ ሁሉም ወደ አዲስ አበባ ብቻ ነው የሚያየው፤ ይሄ ያናድደኛል።

መምህራኑም አሉ። ቤተሰቡ አዲስ አበባ የሆነ መምህር አርብ ማታ ቢነሳ ቅዳሜን በድካም ያሳልፋል፣ እሑድ ይመለሳል። ሁለት ዓመት እንዲህ ይመላለስና «ማዘር፣ ሲቪዬን አትሚልኝ» ብሎ ይመጣል። ሲቪ ሳትም ማን ሊለቅ እንደሆነ ከክፍል ኃላፊው በፊት አውቃለሁ። መንገዱ ቢያጥርለት ሁሉም ይቀራል ብዬ አልምልም፤ ደመወዝም አለ፣ የቤት ኪራይም አለ። ግን ከሲቪዎቹ ጥቂቶቹ ሳይታተሙ ይቀሩ ነበር።

ጎረቤቴ አትስማማም። «መንገድ ሲሰፋ ሰው ይገድላል» ትላለች። እውነት አላት። ሰርቦ ላይ ገበያተኛው የሚሻገርበት ሳይሠራ አስፋልቱ ቢሰፋ፣ ሹፌሩ በሜዳ እንደሚሮጥ ነው የሚሮጠው። እግረኛው መጀመሪያ ይታሰብለት፣ እዚህ ላይ ተሸንፌያለሁ። ሁለተኛ ክርክሯ ግን ሌላ ነው። «መንገዱ ሰፍቶ ጉዞው አምስት ሰዓት ከሆነማ ተማሪው አርብ አርብ አዲስ አበባ ይሄድብሻል፤ ቅዳሜ ለማን ኮፒ ልታደርጊ ነው?» አለችኝ። ይህን አስቤበት አላውቅም ነበር። ትንሽ ሳሰላ ቆየሁ። ቅዳሜ ጥሩ ገበያ አለኝ። ቢሆንም ወረቀቴም ቶነሬም ከመርካቶ ነው የሚመጣው። እሱ ሲዘገይ ሰኞም ማክሰኞም ቅዳሜም የለም።

ይህን የምጽፈውም ቶነር እየጠበቅኩ ነው። ነገ ጠዋት የሚጠረዙ አሥራ አንድ ተሲሶች አሉ፣ ማሽኑ ገጹን ግራጫ እያደረገ ማተም ጀምሯል። ዕቃው ጠዋት በወጣው አውቶቡስ ተጭኗል። አሁን 10 ሰዓት ሆኗል። ረዳቱ ደወለ።

«አዴ፣ መንገድ ተዘግቶ ቆመን ነበር። አሁን ጊቤን ተሻገርን።»

ጊቤ ከሆኑማ ሱቁን ዘግቼ፣ ቤት ሄጄ፣ እራት ሠርቼ፣ ልጆቹን አብልቼ እመለሳለሁ።