ያልተቆለፈ በር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን ምስክርነት ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። የተውኩትም የዚያችን ሌሊት ነገር መናገር ከብዶኝ ሳይሆን፣ ከዚያች ሌሊት በፊት ልቤ የነበረበትን ሁኔታ መግለጥ ስለሚያሳፍረኝ ነው። ለአሥራ አራት ወራት ከእግዚአብሔር ጋር ተኳርፌ ነበር። አልካድኩትም፣ መኖሩንም አልተጠራጠርኩም፤ እንዲያውም መኖሩን በእርግጥ ስለማውቅ ነው የተቀየምኩት።

እናቴ ድሬዳዋ፣ ቀዚራ በሚገኘው ቤታችን በኩላሊት ሕመም ስትሰቃይ እኔ ሄልሲንኪ ነበርኩ። የመኖሪያ ፈቃዴ ጉዳይ ገና ስላላለቀ ከአገር መውጣት አልቻልኩም፤ በእጄ የነበረው ገንዘብ መላክ፣ ሌሊት መስገድና መለመን ብቻ ነበር። እናቴ በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ የምትወጣ የቅዱስ ገብርኤል ወዳጅ ነበረች፤ «የልጄ ወረቀት ይውጣልኝ እንጂ ጃንጥላ አስገባለሁ» ብላም ተስላልኝ ነበር። ወረቀቱ የወጣው እርሷ ባረፈች በሃያ ሦስተኛው ቀን ነው። ፖስታውን ከፍቼ አነበብኩ፤ ከዚያም የመልአኩን ሥዕል ከግድግዳ ላይ አውርጄ ሻንጣ ውስጥ፣ ከልብስ ሥር ከተትኩት። ቤተ ክርስቲያን መሄዴንም አቆምኩ። ለምን ቀረሽ ብለው ለሚጠይቁኝ ወገኖች «የሥራ ፈረቃ ሆኖብኝ ነው» እያልኩ እዋሻቸው ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ።

ስሟ እንዳይጠራ የለመነችኝ አብሮ አደግ ጓደኛዬ ሮም ትኖራለች። በስልክ ድምፄን ሰምታ ነገሩ ገብቷት ኖሮ፣ «ቤት ዘግተሽ ከምታለቅሺ በረዶውን እንኳ አሳዪኝ» ብላ ትኬቷን ቆርጣ መጣችብኝ። ተያይዘንም ወደ ላፕላንድ፣ ከአርክቲክ ክበብ በስተሰሜን 200 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትገኘው ሳሪሴልካ ሄድን። በታኅሣሥ ወር በዚያ አገር ፀሐይ ከአድማስ በላይ አትወጣም። ፊንላንዳውያን ወቅቱን ካሞስ ይሉታል፤ እኩለ ቀን አካባቢ ለጥቂት ሰዓታት ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ ይፈካና መልሶ ይጨልማል። ሁለቱን ቀናት በውሾች በሚጎተት ሸርተቴ ተሳፈርን፣ የበረዶ ሞተር ነዳን፣ በስኪ ለመንሸራተት ሞክረን ከመቆም ይልቅ የወደቅንበት ጊዜ በለጠ። ሁለት የድሬዳዋ ልጆች በዚያ ብርድ ሲንደባለሉ ያየ ሁሉ ይስቅ ነበር፤ እኔም ከብዙ ጊዜ በኋላ ሳቅኩ።

በሦስተኛው ቀን እግር በረዶ ውስጥ እንዳይሰጥም ከጫማ ሥር የሚታሰረውን ሰፊ መርገጫ ተከራይተን ያለ አስጎብኚ ወጣን። ያከራየችን ሴት መንገዱን የሚያመለክቱትን እንጨቶች እንዳንለቅ፣ ሳይመሽም እንድንመለስ በግልጽ ነግራናለች፤ ጥፋቱ የእኛ ብቻ ነው። በሩ ላይ የተሰቀለው ቴርሞሜትር ከዜሮ በታች 27 ዲግሪ ያሳይ ነበር። የሄድንበት የኡርሆ ኬኮነን ብሔራዊ ፓርክ 2,550 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ምድረ በዳ መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው። በረዶ የተሸከሙት ዛፎች የጎበጡ መነኮሳት ይመስሉ ነበርና ፎቶ ልናነሣ ከምልክቱ ወጣ አልን፤ ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ስንል ራቅን። ወዲያው ነፋስ ተነሣ፣ በረዶውም ይወርድ ጀመር፤ ዞር ብዬ ስመለከት የራሳችን ዱካ ጠፍቷል።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ጓደኛዬ ከፊቴ ድንገት እስከ ጉልበቷ ሰጠመች። በበረዶው ሥር ያልረጋ ጅረት ይፈስ ነበር። ስቤ ሳወጣት ቀኝ እግሯ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ድረስ ርሷል፤ ሱሪዋም ጥቂት ሳንሄድ እንደ ጣውላ ደርቆ ይንኳኳ ጀመር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፍጹም ጨለመ። ስልኬን ሳወጣ ብርዱ ባትሪውን ገድሎታል፤ የእርሷም እንዲሁ።

በአረጋውያን መጦሪያ በአስታማሚነት ስለምሠራ ብርድ በሰው አካል ላይ የሚያደርገውን ተምሬያለሁ። መንቀጥቀጥ ደግ ነው፤ የሚያስፈራው መንቀጥቀጡ ሲቆም ነው። ስልኬን ከሸሚዜ ሥር በብብቴ ይዤ፣ እርሷን በሌላው ክንዴ ደግፌ እየተራመድን ሳለ፣ አሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ ይሆናል፣ ስልኩ ሞቀና በራ። የሥራ ባልደረባዬ የሆነች አንዲት ፊንላንዳዊት ከዓመት በፊት ስልኬን ከእጄ ነጥቃ የድንገተኛ አደጋ ጥሪ 112 መተግበሪያን ጭናልኝ ነበር፤ ያኔ ነገሩ እንደ ቀልድ ነበር የታየኝ። በእርሱ ስትደውዪ ያለሽበት ቦታ አብሮ ይሄዳል ብላኝ ነበር። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ! ደወልኩ፤ አንዲት ሴት አነሣች። «ሁለት ነን፣ ጠፍተናል፣ አንዷ እግሯ ረጥቧል» ብዬ ሳልጨርስ ስልኩ ጠፋ፤ ከዚያ በኋላ የትኛውም ሙቀት አልመለሰውም። ቦታችን ይድረሳቸው አይድረሳቸው የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም።

ደንቡ ካሉበት አለመነቃነቅ እንደሆነ አሁን አውቃለሁ። እኛ ግን መቆም አልቻልንም፤ በቆምን ቁጥር ጓደኛዬ ትቀመጣለች፣ በተቀመጠች ቁጥር ትተኛለች። በመዝሙረ ዳዊት «በረዶውን እንደ ፍርፋሪ ያወርዳል» ካለ በኋላ በብርዱ ፊት ማን ይቆማል ብሎ የሚጠይቀውን ቃል ልጅ ሆኜ በድሬዳዋ ሙቀት ስደግመው ትርጉም አልነበረውም። ያን ማታ ሳልጠራው ወደ አፌ መጣ፤ መልሱም ማንም የሚል ሆኖ ተሰማኝ።

ከዚያ መንቀጥቀጧ ቆመ። የዛፍ ግንድ አስደግፌያት ትንፋሼን ስሰበስብ ጓንቷን አውልቃ ጣለችው፤ አንስቼ ላለብሳት ስል እጄን ገፋችና የካፖርቷን ዚፕ ወደ ታች ሳበች። «ተይኝ፣ ሞቆኛል» አለች። በብርድ ሊሞት የተቃረበ ሰው ሙቀት ይሰማውና ልብሱን እንደሚያወልቅ በትምህርት ቤት ጽፌዋለሁ፣ ለፈተናም መልሼዋለሁ። በዚያች ቅጽበት ጉልበቴ ከዳኝ። በበረዶው ላይ ተንበርክኬ ጸለይኩ ብል ደስ ባለኝ፤ እውነቱ ግን ጮህኩ። «እናቴን ስለምንህ ዝም አልክ፤ አሁንም ዝም ልትል ነው?» አልኩት። እንዲህ ብዬ መናገሬን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ሆኖም በአሥራ አራት ወራት ውስጥ ለእርሱ የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነበር።

ጓደኛዬ ጩኸቴን ሰምታ ቀና አለች፤ ምላሷ እየተኮላተፈ፣ «ዛሬ እኮ አሥራ ዘጠኝ ነው» አለችኝ። ቀጥላም ሰው ሲመጣ እንዳየች ሁሉ ፈገግ ብላ «እናትሽ ቁልቢ ወጥታለች» አለች።

በፈረንጆቹ አቆጣጠር ዲሴምበር 28 እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ታኅሣሥ 19 መሆኑን ግን ረስቼው ነበር፣ ወይም ልረሳው ፈልጌ ነበር። ሠለስቱ ደቂቅ ከሚነደው እሳት የዳኑበትን የመልአኩን በዓል! ዚፗን ዘግቼ፣ ጓንቷን አልብሼ፣ ክንዷን በአንገቴ አዙሬ አስነሣኋትና «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ በይ» አልኳት። እናቴ እንዳስተማረችኝ አርባ አንድ ጊዜ፣ በእያንዳንዱ እግዚኦታ አንድ እርምጃ። በጓንት ውስጥ ጣት መቁጠር ስለማይቻል ቁጥሩን የያዘው እግራችን ነበር። አርባ አንድ ሲሞላ ቆመን እንተነፍሳለን፤ እንደገና ከአንድ። እርሷ አንዳንዴ «መሐረነ» ላይ ታቆማለች፤ እኔ እጨርስላታለሁ። ወዴት እንደምንሄድ አላውቅም ነበር። «ጨለማ በአንተ ዘንድ አይጨልምምና፥ ሌሊትም እንደ ቀን ታበራለችና» የሚለው መጣልኝ፤ እኔ ባላይም እርሱ ያያል ማለት ነው ብዬ ያዝኩት። ያን ያህል ብቻ ነበር እምነቴ፤ አላጋንንም።

በስንተኛው ዙር እንደሆነ አላስታውስም፤ ሃያ ስድስት ብዬ ሃያ ሰባት ልል ስል እጄ እንጨት ነካ። ዛፍ አልነበረም፤ ጠፍጣፋ ነበር። በመዳፌ እየዳሰስኩ ስዞር ጥግ አገኘሁ፣ ከጥጉ ቀጥሎ ደግሞ የብረት መያዣ። ያ ግድግዳ ሁለት ክንድ ያህል ወደ ግራ ቢሆን ኖሮ አልፈነው እንሄድ ነበር። መያዣውን ስጫነው በሩ ተከፈተ።

ፊንላንዳውያን በእነዚህ ጫካዎች ለመንገደኛ የሚሆኑ ጎጆዎችን ሠርተው ሳይቆልፉ ይተዋሉ፤ ምድጃና የተፈለጠ እንጨት አላቸው። ከእኛ በፊት የነበረው ሰው፣ ማን እንደሆነ በዚህ ዓለም ላላውቀው እችላለሁ፣ ለሚመጣው እንግዳ ብሎ ጭራሮውን በቀጭን ፈልጦ፣ የበርች ዛፍ ቅርፊት ከላዩ አድርጎ፣ የክብሪት ቀፎ አስቀምጦ ሄዷል። የዚያን ሰው እጅ እግዚአብሔር ይባርክ። የእኔ ጣቶች ክብሪት መያዝ ተስኗቸው ነበር፤ ሦስቱ ተሰበሩ። አራተኛውን በጥርሴ ይዤ ቀፎውን በሁለት መዳፌ እያንቀሳቀስኩ ጫርኩት፤ ፀጉሬን ለበለበኝ፣ ግን ነደደ። ቅርፊቱ እንደ ጧፍ ተቀበለው።

የቀዘቀዘ እግር እንደማይታሽ፣ እሳት ላይም እንደማይደቀን አውቅ ነበር። ጫማዋን በመከራ አውልቄ፣ ሰም መስሎ የነጣውን እግሯን ከሸሚዜ ሥር በሆዴ ላይ አደረግኩት። ብርዱ እስከ ጀርባዬ ዘለቀ። ከዚያ እንደገና መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ እኔም ያን ጊዜ አለቀስኩ። ሠለስቱ ደቂቅ ከእሳት ውስጥ ሆነው «አመዳይና በረዶ እግዚአብሔርን ያመስግኑ» ብለው መዘመራቸው ትዝ አለኝ፤ እኛ ደግሞ ከአመዳዩ ወጥተን እሳቱን ከብበን ተቀምጠናል። ጓደኛዬ እየተንቀጠቀጠች «ምን ያስቅሻል?» አለችኝ። ሳላውቀው እያለቀስኩ እስቅ ነበር።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ የሞተር ድምፅ ሰማን። ፖሊሶችና የበጎ ፈቃድ ነፍስ አድን ሠራተኞች ነበሩ፤ በዚያች አጭር ጥሪ ቦታችን ደርሷቸው፣ እዚያ ሄደው ሲያጡን የጭሱን ሽታ ተከትለው መጡ። አንድ ሽበታም ሰው ትኩስ የቤሪ ጭማቂ በክዳን ቀድቶ ለጓደኛዬ በእጁ አጠጣት፤ እንደ አባት «ቀስ በይ» የሚላት ይመስለኛል፣ ቋንቋውን በዚያ ሰዓት ረስቼው ነበር። ለእነርሱና በኋላም ሮቫኒዬሚ ላከሟት ሐኪሞችና ነርሶች ምስጋናዬ አያልቅም።

ሐኪሞቹ በብርድ የተመታ ጣት በሕይወት መኖሩ የሚለየው በጊዜ ነው አሉን፤ ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ጠበቅን፤ ከትንሿ ጣቷ ጫፍ በቀር ሁሉም ተረፈ።

እናቴ ለምን እንዳልዳነች አሁንም አላውቅም። አልተነገረኝም፤ እየጠየቅኩም ነው። ግን አሁን የምጠይቀው ተኳርፌ ሳይሆን ፊት ለፊት ነው። ሥዕሉን ከሻንጣው ካወጣሁት ቆየ።

በተከታዩ ዓመት ፈቃድ ወስጄ ወደ አገሬ ገባሁ፤ ጓደኛዬም ከሮም መጣች። ለታኅሣሥ 19 ከድሬዳዋ ተነሥተን ቁልቢ ወጣን፤ ዳገቱን እርሷ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ቀኝ እግሯን ጥቂት እያነከሰች፣ እኔ ጃንጥላውን ተሸክሜ። ሕዝቡ ብዙ ነበርና ስለት መቀበያው ጋ ለመድረስ ከሁለት ሰዓት በላይ ቆምን። ተራዬ ሲደርስ ስለቱን የሚመዘግበው ዲያቆን ቀና ሳይል «የማን ስለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። የእናቴን የክርስትና ስም ነገርኩት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።