የእናትየው ደብተር

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አቅራቢያ ባለ ጤና ጣቢያ፣ ክትባት ክፍል ነው የምሠራው። አንዲት እናት ዘጠኝ ወር የሞላትን ሕፃን ለሳል አምጥታ የክትባት ካርዷን ስጠይቃት፣ «ሲስተር፣ አትድከሚ፤ የኩፍኙን አላስወጋም። ትልቁን ልጄን ያበላሸብኝ እሱ ነው» አለችኝ።

እንዲህ ሲያጋጥመን የክትባትን ጥቅም ደጋግመን ተናግረን እንሸኛለን። እኔ ግን የትልቁ ነገር ከነከነኝና አስቀምጬ ጠየቅኋት። ልጁ አምስት ዓመቱ ነው፤ አይናገርም፣ ስሙ ሲጠራ አይዞርም፣ የጠርሙስ ክዳን ሲያሽከረክር ይውላል። ኦቲዝም ነው ተብላለች። ጎረቤት የሚላትን ልተወው፤ አንዳንዱ ለመጻፍም ይከብዳል።

ከዚያ ከቦርሳዋ ጠርዙ የተበላ ደብተር አወጣች። ልጁን ያንቀጠቀጠው ቀን ሁሉ በእስክሪብቶ ተጽፏል። የመጀመሪያው ከዘጠኝ ወሩ ክትባት በኋላ ሲያተኩሰው ነው። «ጥቅምት 12፣ ትኩሳት፣ ግራ ጎኑን ብቻ፣ ግማሽ ሰዓት አለፈ።» «ኅዳር 3፣ በሙቅ ውኃ ሳጥበው።» መጨረሻ ላይ ጽሑፉ ይበዛል፤ አንዳንዱ ገጽ ላይ ባዶ መስመር የለም። መብዛት የጀመረው አንድ የግል ክሊኒክ ካርባማዜፒን የተባለ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ካዘዘለት ወዲህ ነው።

ደብተሩን ለጤና መኮንናችን አሳየሁት፤ ወዲያው ለሕፃናት የነርቭ ሐኪም ሪፈር ጻፈላት። ሐኪሟም ደብተሩን ገልጣ ስትጨርስ ድራቬት ሲንድሮም ሳይሆን አይቀርም አለች። ፈረንሳዊቷ ሐኪም ሻርሎት ድራቬት እ.ኤ.አ. በ1978 የገለጸችው፣ በሕፃንነት የሚጀምር ከባድ የሚጥል በሽታ ነው። የጂን ምርመራው ውጭ አገር የሚላክ፣ ቤተሰቡ የማይችለው ቢሆንም፣ መድኃኒቱን ለመቀየር ታሪኩ በቂ ነበር።

ሐኪሟ ያስረዳችኝን እንደገባኝ ልጻፈው። አንጎል ውስጥ መልእክት የሚቀሰቅሱ ሕዋሳት አሉ፣ የሚገቱም አሉ። ገቺዎቹ ከአንጎል ቅርፊት የነርቭ ሕዋሳት አንድ አምስተኛ ገደማ ይሆናሉ፤ ጋባ የተባለ ኬሚካል እየለቀቁ እንደ ፍሬን ይይዛሉ። ገና በፅንስነት ከአንጎሉ ጥልቅ ክፍል ተነሥተው ሩቅ ተጉዘው ነው ቦታቸውን የሚይዙት፤ ልደታቸውንም ጉዞአቸውንም የሚመሩት ጂኖች ናቸው። በድራቬት አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ኤስ ሲ ኤን ዋን ኤ የተባለው ጂን ነው፤ ይህም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ጂኑ ሶዲየም የሚያልፍበትን በር ይሠራል፤ ገቺዎቹ ሕዋሳት በዚያ በር ላይ እጅግ ይመካሉ። ካርባማዜፒን ደግሞ የሚሠራው የሶዲየም በሮችን በመዝጋት ነው። ለብዙ የሚጥል በሽታ ሕመምተኞች የሚጠቅመው መድኃኒት ይህን ልጅ የባሰ የጣለው ለዚህ ነው።

ጂኑ ከመናገርና ከሰው ጋር ከመግባባትም ጋር ይያያዛል። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት፣ ከሁለቱ የጂኑ ቅጂዎች አንዱ የጠፋባቸው አይጦች ከሌሎች አይጦች ይርቁ ነበር፤ የጋባን ሥራ የሚያግዝ ክሎናዜፓም በጥቂቱ ሲሰጣቸው ተሻሽለዋል። ኦቲዝም ሁሉ ከዚህ ይመጣል ማለት አይደለም፤ ከኦቲዝም ጋር የሚያያዙት ጂኖች ብዙ ናቸው።

ለእናትየው ያልኳት ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ጥናት፣ ክትባት አንጎላቸውን ጎዳው ከተባሉ 14 ሰዎች በ11ዱ ላይ የዚሁ የኤስ ሲ ኤን ዋን ኤ ጂን ለውጥ እንዳለ አሳይቷል። የክትባቱ ትኩሳት የመጀመሪያውን ማንቀጥቀጥ ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ሕመሙን ግን አልፈጠረውም፣ ሌላ ትኩሳትም ይቀሰቅሰው ነበር። ለውጡ አብዛኛውን ጊዜ በልጁ ላይ አዲስ የሚከሰት እንጂ ከእናት ከአባት የሚወረስ አይደለም። «ታዲያ በእኔ አይደለም?» አለችኝ። አይደለም አልኳት፤ ደግማ ጠየቀችኝ፣ እኔም ደገምኩላት።

ካርባማዜፒኑን ሐኪሟ ቀስ በቀስ አውጥታ ቫልፕሮዬት የተባለ ሌላ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ጀመረችለት፤ እንዲህ ያለ መድኃኒት በድንገት አይቋረጥም። ማንቀጥቀጡ ቀንሷል፣ አልጠፋም። ንግግሩም ገና አልመጣም። ትንሿ ተከትባለች። እኔም ክትባት የምትፈራ እናት ስትመጣ አስቀድሜ የምጠይቀው የትልልቆቹን ታሪክ ነው፦ ያንቀጠቀጠው ልጅ ካለ በስንት ወሩ እንደጀመረው፣ በትኩሳት ወይም በሙቅ ውኃ እንደሆነ፣ አሁን ምን መድኃኒት እየወሰደ እንዳለ።