የት ደረሰህ?

ውሃ መጣ። በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ። ቧንቧው መጀመሪያ ተነፈሰ፤ ቀጥሎ አስነጠሰ፤ ከዚያ ቡናማ ነገር ተፍቶ ሲያበቃ እንደ ክር የቀጠነ ውሃ ማውረድ ጀመረ። የዚህ ቤት የሌሊት ውሃ ጠባቂ እኔ መሆኔን የምታውቁኝ ታውቃላችሁ። ስድስት ጀሪካን አሰልፌ፣ ጋቢዬን ደርቤ፣ በረንዳው ላይ በርጩማ ስቤ ተቀምጫለሁ። ሰዓቴን ይዤ ለካሁ፤ የመጀመሪያው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በአራት ደቂቃ ተኩል ሞላ። ግፊቱ ካልወረደ ስድስቱ 27 ደቂቃ ይፈጃሉ ማለት ነው። አምስት ዓመት ተምሬ ያተረፍኩት ይህችን ስሌት ነው ስላት ባለቤቴ ትስቃለች። አሁን ግን ተኝታለች።

ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ይለዋል። ክረምቱ ወጥቷል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ የመስከረም ብርድ ከአጥንት ይገባል። ምክንያቱ ግን ብርዱ አይደለም፤ የእታለም ልጅ ነው።

ልጁ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አልፏል። በ2017ቱ ፈተና ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ ተፈታኝ 8.4 ብቻ ነው ስለተባለ፣ እነ እታለም ቤት ልጅ የዳሩ ነው የሚመስለው፤ ጠላ ተጠምቋል፣ ጎረቤት ተጠርቷል። ዛሬ ስልኩን ይዞ መጣና ከወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ኢንጂነሪንግ ነው የምፈልገው። ጎንደርን ላስቀድም ወይስ ባሕር ዳርን?» አለኝ።

የሌላውን ሁሉ ምክር ሰምቶ ነው የመጣው። እናቱ ጎንደር ትላለች፤ ምሳውን እቤቱ ይበላል፣ ልብሱም ይታጠብለታል። አባቱ ባሕር ዳር ይላል፤ ምክንያቱን ሲጠየቅ «ፖሊ ፖሊ ነው» ከማለት በቀር ሌላ አይጨምርም። የመንገዱን ነገር ማንም ጮክ ብሎ አላነሳም። እታለም «ቅርብ ይሻላል» ስትል ግን ምን ማለቷ እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል።

ጥያቄው አጭር ነበር። እኔ አንድ ሰዓት ከሩብ ተናገርኩ። የባሕር ዳሩ ፖሊ ቴክኒክ በ1950ዎቹ አጋማሽ በሶቪየት ኅብረት ትብብር እንደተከፈተ፣ ኋላ ከፔዳጎጂው አካዳሚ ጋር ተዋሕዶ በ1992 ዩኒቨርሲቲ እንደሆነ፣ እኛ ተማሪዎቹ ዛሬም ድረስ «ፖሊ» እና «ፔዳ» እያልን ሁለቱን እንደምንለያቸው ተረኩለት። በሩን ሳይሆን ወርክሾፑን እይ፣ ማሽኑ ይሠራል ወይስ ሽፋን ለብሶ ተቀምጧል ብለህ ጠይቅ አልኩት። የመጀመሪያው ዓመት ለሁሉም የጋራ ነው፣ ኢንጂነሪንግ የምትለውን የምትመርጠው ከዚያ በኋላ ነው፣ አሁን የምትመርጠው ግቢውን ብቻ ነው አልኩት። ከ2015 ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፤ ጎንደር ተማርክ ባሕር ዳር ተማርክ ፊትህ የሚቀርበው ያው ፈተና ነው፣ ስለዚህ በር ላይ የተጻፈው ስም ሰው የሚያወራለትን ያህል አይከብድም አልኩት። ይህቺ እንኳ ጥሩ ምክር ነበረች። ከዚያ በኋላ ግን ልጓሜን ጣልኩ፤ አንድ ቦታ ላይ የፋሲል ግቢ ግንበኞች ድንጋዩን በኖራ እንዴት እንዳያያዙት እያስረዳሁት ነበር። እንዴት እዚያ እንደደረስኩ እንጃ።

ልጁ ጨዋ ነው፤ አመስግኖኝ ወጣ። ሲመሽ እታለም ደወለች። «እና የትኛውን አልከው?»

ለካ አልነገርኩትም።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ይህ አይደለም፤ ልጁ በር ላይ ጫማውን ሲያስር የተናገራት ነገር ናት። «ለማንኛውም የሚደርሰኝ ይደርሰኛል» አለ፤ ማሰሪያውን ጠበቅ አደረገና ሄደ።

ሁለተኛው ጀሪካን ሞላ።

እኛ አገር ሰው ዩኒቨርሲቲ አይገባም፤ ይደርሰዋል። «የት ደረሰህ?» «ጅማ።» «እሷስ?» «አርባ ምንጭ ደረሳት።» እንዲህ የምናወራላቸው ሌሎች ነገሮች ሎተሪ፣ እቁብና ኮንዶሚኒየም ናቸው። ቅጹን ስንሞላ «መረጥኩ» እንላለን፣ ውጤቱ ሲወጣ ቋንቋው ራሱ ያጋልጠናል። ለአንድ ሰው ሎተሪ ደርሶት «ለምን ይህን ቁጥር መረጥክ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። እኔን ግን ለሥራ ስወዳደር ጠይቀውኛል፤ ለምን ባሕር ዳርን መረጥክ? ቀና ብዬ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ መልስ ሰጥቻለሁ።

ይህ «ደረሰ» የሚሉት ግሥ አንዴ ከያዘ አይለቅም። እህል ይደርሳል። ልጅ ለአቅመ አዳም ይደርሳል። አደጋ ይደርሳል። ድርሰት የሚጽፈውም ይደርሳል፣ ለዚያ ነው ደራሲ የሚባለው። የከተማችን ውሃ የሚመጣበት የአንገረብ ግድብ በደለል አቅሙ ካነሰ ቆየ፤ አዲሱ የመገጭ ግድብ ይደርሳል እየተባለ ስንት ክረምት ወጣ። ለከፈልከው ገንዘብ የሚሰጡህ ወረቀት ደግሞ ስሙ ራሱ «ደረሰኝ» ነው። የሳሎኑን በር ከፍቼ ስለተቀመጥኩ ከዚህ ሆኜ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ዲግሪዬ ይታየኛል። ቁጥር አለው፣ ማኅተም አለው፣ ፊርማው አይነበብም። ባሕር ዳር ደረሰኝ፤ ይኸው ደረሰኙ።

የራሴን ምርጫ ታሪክ ስንት ጊዜ አውርቼላችኋለሁ። አንድ ነጭ ወረቀት ለሁለት ከፍዬ፣ በግራ አምስት ኪሎን፣ በቀኝ ባሕር ዳርን ጽፌ ማመዛዘኔን። አምስት ኪሎ ከ1940ዎቹ ጀምሮ የአገሪቱ መሐንዲሶች የወጡበት ነው፣ ሥራውም ያለው አዲስ አበባ ነው፣ ግን ሩቅ ነው። ባሕር ዳር ቅርብ ነው፣ ትራንስፖርቱ ርካሽ ነው፣ ወርክሾፑ ጥሩ ስም አለው። ደምሬ ቀንሼ ባሕር ዳር በሦስት ነጥብ በለጠ። አባቴ ነፍሱን ይማረውና ወረቀቱን አጥፎ ዳዊቱ ውስጥ አስቀምጦት ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ ያሳይ ነበር።

ወረቀቱ እውነት ነው። የጻፍኩት ግን ቅጹን ሞልቼ ካስገባሁ በኋላ ነው።

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከጀሪካን ጋር ብቻህን ስትሆን ግን ማንን ታፍራለህ? ባሕር ዳርን ያስቀደምኩት ከጥምቀት እንዳልቀር ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ባሕር ዳር ከዚህ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአዘዞ፣ በማክሰኝት፣ በእንፍራዝ፣ በአዲስ ዘመን፣ በወረታ፣ በሐሙሲት አድርጎ አውቶቡስ በሦስት ሰዓት ያደርሳል። በከተራ ጠዋት ተነሥቼ ታቦቱ ሳይወጣ እደርሳለሁ ብዬ አስቤ ነበር። አምስት ኪሎ ብሄድ ግን አልደርስም። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ የሕይወቱን ሙያ የወሰነው በዚህ ነው።

አይፈረድብኝም። የፋሲል መዋኛን በጥር 11 ንጋት ያየ ሰው አይፈርድብኝም። ሥራቸው የድንጋዩን አጥር እንደ እጅ ጨብጦ የያዘው እነዚያ ትልልቅ ዛፎች፣ ቅርንጫፋቸው ላይ እንደ ወፍ የተደረደሩት ልጆች፣ በጭስና በጤዛ መሐል የሚያበራው ነጭ ነጠላ። ውሃው ተባርኮ ገና ቃሉ ሳያልቅ የሚዘለው ዝላይ። እኔ የምዘለው ከሰሜኑ ጥግ ነበር። ብርዱ ደረት ላይ እንደ ጡጫ ነው የሚያርፈው፤ ከውስጥ ብቅ ስትል ጆሮህ ለጥቂት ጊዜ አይሰማም፣ አፎች ብቻ ሲንቀሳቀሱ ታያለህ፣ ከዚያ እልልታው አንዴ ይለቀቅብሃል። ከዛፎቹ በአንዱ ሥር ደግሞ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የምትቆም ሰው ነበረች፤ እሷን ለጊዜው እንተዋት።

በአምስት ዓመት ውስጥ አንድም ጥምቀት ጎንደር አላሳለፍኩም። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ማጠቃለያ ፈተና የሚውለው ጥር ላይ መሆኑን የነገረኝ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኩም። አንድ ዓመት እንዲያውም የመጨረሻው ፈተና ጥር 12 ቀን ጠዋት ነበር። እናቴ በየዓመቱ በበዓሉ ጠዋት ትደውላለች፤ ከበሮውና እልልታው ከድምፅዋ በላይ ይሰማል። «እንኳን አደረሰህ!» ትለኛለች። እኔ ደግሞ የሃይድሮሊክስ ደብተሬ ላይ አቀርቅሬ «እንኳን አብሮ አደረሰን» እላለሁ። የት እንዳደረሰኝ እንጃ።

ሃይድሮሊክስን ያነሣሁት ሲቪል ስለደረሰኝ ነው። የፈለግኩት ኤሌክትሪካል ነበር። እዚያም ቅጽ ነበረ፣ እዚያም መረጥን፣ እዚያም ደረሰን።

ስለ ቅጽ ከተነሣ ያንን ጓደኛዬን ሳላነሣ አላልፍም፤ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የኔና የሱ ውጤት የሚለያየው በሁለት ነጥብ ነበር። እሱ አምስት ኪሎን አስቀደመ፣ ባሕር ዳርን አስከተለ፤ ሁለቱም ሳይሆን በቅጹ ታች በኩል ቦታ ለመሙላት ብሎ የጻፈው አንድ የደቡብ ከተማ ደረሰው። ያን ቀን ፒያሳ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጠን ሻዩን ሳይነካው ቀዘቀዘ። አሁን ደህና ሥራ አለው። ባለፈው ደውሎ ስንጫወት፣ «እኔ እኮ ደቡብን የመረጥኩት አየሩን ብዬ ነው» አለኝ። ቅጹን ሲሞላ አጠገቡ ነበርኩ፤ እስክሪብቶው የኔ ነበር። ምን ልበለው? የኔም ወረቀት ዳዊት ውስጥ ነው ያለው።

ሦስተኛው ሞልቷል። ግፊቱ ትንሽ ቀንሷል መሰለኝ፤ አምስት ደቂቃ አለፈ።

ሳሎኑ ውስጥ ከዲግሪው አጠገብ ሌላም የተሰቀለ ነገር አለ፤ እንግዶች መስቀያ እየመሰላቸው ኮት ይሰቅሉበታል። የእንጨት ቲ ስኩዌር ነው፤ የቲ ቅርጽ ያለው የመሐንዲስ ማስመሪያ። ልሄድ ሳምንት ሲቀረኝ አባቴ፣ ለሥዕል የሚሆን ረጅም ማስመሪያ ያስፈልጋል ሲባል ሰምቶ፣ የሰፈራችን አናጢ ዘንድ አሠራልኝ። ከወይራ ነው፤ ከባድ ነው፤ ቢመቱበት ሰው ይጥላል። አውቶቡሱ ላይ ዕቃ ተጭኖበት ወረታ ስንደርስ አናቱን ከዘንጉ ጋር የያዘው ምስማር ላልቶ ነበር፤ ዘንበል ማለቱ በዓይን አይታይም። እኔ ግን አንድ መንፈቅ ዓመት ሙሉ አግድም ያልኩት መስመር ሁሉ ወደ ቀኝ ሲወርድ ኖሯል። መምህሩ አንድ ቀን የሣልኩትን ባለ አንድ ፎቅ ቤት አየ፣ ራቅ አድርጎ አየ፣ «ቤትህ ወደ ጣና እየተንሸራተተ ነው» አለኝ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ጓደኞቼ ከሱቅ ሌላ እንድገዛ መከሩኝ፤ አልገዛሁም። ምስማሩን በድንጋይ መትቼ፣ ሽቦ ጠምጥሜ፣ የቀረችውን ዝንባሌ እጄ እየለመደ አስተካክላት ጀመር። ዛሬም ባዶ ወረቀት ላይ በእጄ መስመር ሳሠምር፣ ሳላስበው ወደ ላይ ትንሽ አነሣለሁ።

ለልጁ ይህን ነበር መንገር የነበረብኝ? ይህ ምን ይጠቅመዋል፤ አሁን ሁሉም በኮምፒውተር ነው የሚሣለው።

ነገ ይደውላል። እታለም እንዲደውል አዝዛዋለች፤ «ጋሼህ ቁርጡን ይንገርህ» ብላዋለች። ቁርጡን። ጎንደር ብለው ወደፊት ሲከፋው እኔን ያነሣል፤ ባሕር ዳር ብለው መንገዱ በተወራ ቁጥር እታለም እኔን ታነሣለች። ሁለት ዓምድ ሥራ ልበለው? ወይስ ጥምቀት ትወዳለህ ወይ ብዬ ልጠይቀው? እሱ እንኳ ዋና አይችልም።

ይህን ስጽፍ ባለቤቴ ነቅታ በመስኮት «ሞላ?» አለችኝ። ቀና አልኩ። ቧንቧው ዝም ብሏል፤ መቼ ዝም እንዳለ አላውቅም። አራቱ ሞልተዋል። አራተኛውን ሞልቶ ከፈሰሰ በኋላ ነው የቀየርኩት መሰለኝ፤ ጫማዬ ርሷል። አምስተኛው ወገቡ ጋ ደርሶ ቆሟል።

ስድስተኛው አልደረሰውም።